ወደ መምህር ኤርጫፎ ቤት የሄድኩበት መንገድ

ወደ ሆሳዕና የሄድኩት አገር ለማየት አልነበረም፤ ስለ ተራራውና ስለ ገበያው ብዙ ባልጽፍ አንባቢ አይፍረድብኝ። የሄድኩት አንድ ሰው ሳይሞቱ ደርሼ ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው። ሰውየው ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ መምህር ኤርጫፎ ናቸው። ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፤ እኔም አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ለጉዳይ የመጣ የዱራሜ ሰው በወሬ መሃል "እሳቸውማ በጠና ታመዋል" አለኝ።

ያኔ ከአገር አገር ለመሄድ የቀበሌ ይለፍ ያስፈልግ ነበር። የቀበሌያችን ጸሐፊ ብዕሩን ይዞ "ምንህ ናቸው?" አለኝ።

"አስተማሪዬ ናቸው።"

"ለአስተማሪ ይለፍ አይጻፍም። ዝምድና ካለህ ተናገር።"

"እንግዲያው አባቴ ናቸው።"

"ያባትህ ስም ሌላ ነው።"

"አሳድገውኛል" አልኩ። ጸሐፊው "አሳዳጊ አባቱን መምህር ኤርጫፎን ለመጠየቅ" ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት፤ ሰባት ቀን ሰጠኝ። እኔም እንዴት አድርጌ እንደሸወድኩት እያሰብኩ በልቤ ስቄ ወጣሁ። ያ ውሸት በመንገዱ ሁሉ ከፊቴ እየቀደመ እንደሚሄድ አላወቅኩም።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። የያዝኩት አንድ ሻንጣና አንድ የመንዝ ባና፣ ያ ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነው። መምህር እኛ አገር መንዝ ሲያስተምሩ ብርዱ አልለመዳቸው ብሎ በመጋቢት እንኳ ሁለት ሹራብ ደርበው ክፍል ይገቡ ነበር። ባናውን እናቴ ናት የላከችልኝ፤ ለማን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

እስከ ቡታጅራ አቧራ ስንቅም ሄድን። ቡታጅራን አልፈን አንድ ወንዝ ልንሻገር ስንል ያለ ወቅቱ የዘነበ ዝናብ መንገዱን አጭቅይቶት አውቶቡሱ ሰመጠ። ወንዶች ውረዱ ተባልን። እኔ የመሥሪያ ቤት ጫማዬን እንዳደረግኩ ገፋሁ፤ አውቶቡሱ ሲወጣ የግራ ጫማዬ ሶል ጭቃው ውስጥ ቀረ። መንዝ ቢሆን ድንጋይ አለ፤ እግር የሚረግጠው አያጣም። እዚህ አፈሩ ቀይና ለም ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። ሶሉን በእንጨት ስፈልግ ረዳቱ "ጋሼ፣ ተወው፣ ይበቅላል" ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ።

ሆሳዕና ከመግባታችን በፊት ኬላ ላይ ቆምን። አንድ ጠብመንጃ የያዘ ሚሊሻ ገብቶ ይለፍ ያይ ጀመር። የኔን ወረቀት ሲያነብ ግን ቆየ።

"ኤርጫፎ ማለት የዱራሜው? መምህሩ?"

"አዎ።"

"ልጃቸው ነህ?"

አዎ ከማለት ሌላ መውጫ አልነበረኝም። ቀና ብሎ አየኝና ወረቀቱን በሁለት እጁ መለሰልኝ። የሌላውን ሰው ሻንጣ ሁሉ ሲያስፈታ የኔን አልነካም። ከዚያ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጠርቶ ወደ ውጭ አወጣቸውና በሹክሹክታ ያወራቸው ጀመር። ሁለቱም በመስኮት ወደ እኔ አዩ። ውሸቴ የታወቀ መሰለኝ።

ሽማግሌው ሲመለሱ ወደ ወንበራቸው አልሄዱም። ከአጠገቤ የተቀመጠውን ሰው አስነስተው እኔ ዘንድ ተቀመጡ። "ለሬቦ እባላለሁ። ግብርና ነበር የምሠራው፣ አሁን ጡረታ ነኝ። ዛሬ እኔ ቤት ታድራለህ" አሉኝ። አልጋ እይዛለሁ ብል "የደህና ሰው ልጅ አልጋ አይከራይም" ብለው ዘጉኝ።

ቤታቸው ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። እኛ አገር ቤት ድንጋይ ነው፣ ዙሪያውም ሜዳ፤ ማን እንደመጣ ከሩቅ ይታያል። እዚህ ቤቱ በእንሰት ተከቦ ደጃፉ እስክትደርስ አይታይም። ባለቤታቸው እግሬን አይተው ያለ ሶል የቀረውን ጫማ አስወልቀው አጠቡኝ። ልከልክል ብል አቶ ለሬቦ "ተው፣ ይጠቡህ" አሉኝ በዝግታ። እግሬን ከእናቴ ሌላ ያጠበኝ ሰው አልነበረም፤ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

እራት ላይ "መምህር ኤርጫፎን ያውቋቸዋል? ሕመማቸው እንዴት ነው?" አልኩ።

አቶ ለሬቦ ቆጮውን እየቆረሱ "እናውቃቸዋለን። ካየናቸው ትንሽ ቆየን። ብላ ልጄ" አሉኝ። ባለቤታቸው ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ቶሎም አልተመለሱም። እኛ አገር እንግዳ ስለ በሽተኛ ከጠየቀ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ይዘረግፍለታል። የዚህ አገር ሰው ወሬ አይወድም ብዬ በያዝኩት ማስታወሻ ደብተር ላይ ጻፍኩ።

ረቡዕ

በጠዋት መናኸሪያ ሄድን። አቶ ለሬቦ እኔን ሻይ ቤት አስቀምጠው ትኬት ሊጠይቁ ሄዱና "ዛሬ ወደ ዱራሜ መኪና የለም" ብለው ተመለሱ። ከኋላቸው የትኬት ደላላው "ዱራሜ! ዱራሜ! ሁለት ሰው!" እያለ ይጮሃል። እኔ እሳቸውን አየሁ፣ እሳቸው ደግሞ የሻይ ብርጭቆውን አዩ።

"ይጠራል እኮ፣ አቶ ለሬቦ።"

"ያ መኪና ጥሩ አይደለም። ነገ እኔም ጉዳይ አለኝ፤ አብረን እንሄዳለን።"

ተናደድኩ። እግሬን ያጠቡኝ ሰዎች ባይሆኑ ትቻቸው እሳፈር ነበር። መኪናው ሲነሳ አቶ ለሬቦ ሾፌሩን በመስኮት ጠርተው ብዙ ነገር በሃዲይኛ ነገሩት፤ እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸው። ጉዳይ የላኩ መስሎኝ ነበር፤ ልክ ነበርኩ።

ረቡዕ ጾም መሆኑን ባለቤታቸው የሰሙት ክትፎውን ከሠሩ በኋላ ነው። እነሱ ጴንጤዎች ናቸው፣ እኔ ደግሞ የማርያም ልጅ ነኝ። ምንም ሳይሉ ክትፎውን አንስተው ጎመን ያለ ቅቤ እንደገና ቀቀሉልኝ፤ ቅቤ በነካው ድስት እንዳይሆን ከጎረቤት ድስት አስመጡ። ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ያለ ሥራ ተቀምጬ ዋልኩ፤ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ያሰላስላል። እንግዲህ ለምን ይቅርታ እንደምጠይቅ እዚህ ላይ ልጻፍ።

እኔ በልጅነቴ እንተባተብ ነበር። በጥቂቱ አይደለም፤ ስሜን "ንጉሤ" ብዬ እስክጨርስ ጠያቂው መልሱን ትቶ ይሄዳል። ክፍል ውስጥ ንባብ ሲደርሰኝ ልጆች ጆሯቸውን ይዘው ይስቃሉ። መምህር ኤርጫፎ በመጡ በሁለተኛው ወር ከትምህርት በኋላ ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ ምሳ አበሉን፤ ልጅ አልነበራቸውም። ከምሳ በኋላ መምህር መጽሐፍ ከፍተው ሰጡኝና በአመልካች ጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ ያደርጉ ጀመር። ለአንድ ቃል አንድ ምት። "ሲይዝህ ቃሉን አትግፋው። ጣቴን ጠብቅ፤ ጣቴ ሲመጣ ቃሉም ይመጣል" ይሉኛል። በጨረስን ቁጥር አንድ ነገር ይላሉ፦ "ነገ ትደግመዋለህ።" ጎበዝ አይሉም፣ ሰነፍም አይሉም። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረግን። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ከማንም እኩል አነብ ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ በየትምህርት ቤቱ የሂስ ስብሰባ ተጀመረ። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። የተማሪዎቹ ሊቀ መንበር አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቶ "ንባብ የምትችል አንተ ነህ" ብሎ ሰጠኝ። ጽሑፉ መምህር ኤርጫፎ በጥናት ስም ተማሪዎችን ቤታቸው እየሰበሰቡ ይጸልያሉ፣ ፀረ አብዮት ያስተምራሉ ይላል። እውነት ነው፣ ምሳ ላይ እጃቸውን አጣምረው ይጸልዩ ነበር፤ ይህን ለሊቀ መንበሩ የነገርኩት እኔው ነኝ፣ እንደ ቀልድ። አስገደዱኝ ብዬ ልዋሽ አልችልም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክሮፎን ልይዝ ነበር፤ ያ አሳወረኝ።

አነበብኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ቃል ያዘኝ። ከኋላ አንዱ መሳቅ ጀመረ። ቀና ስል መምህር ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መታ መታ ይላል። ቃሉ መጣ፤ እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ ተጨበጨበልኝ። እሳቸው በዚያው ሳምንት ታሰሩ። ስምንት ወር ታስረው ሲፈቱ ከማስተማር ተባረው ወደ አገራቸው ሄዱ። ሊሰናበቱኝም አልመጡ፣ እኔም አልሄድኩ። ዛሬ በመሥሪያ ቤቴ በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ የማነበው እኔ ነኝ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ እሳቸው በሰጡኝ አንደበት ነው።

ሐሙስ

አቶ ለሬቦ የልጃቸውን ቦት ጫማ አዋሱኝ። ሁለት ቁጥር ይሰፋኛል፤ ስራመድ ቋ ቋ ይላል። በአንጋጫ በኩል ዱራሜ የገባነው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። መኪናው ውስጥ መንደሪን የምትበላ አንዲት ሴት ልትጨዋወተኝ ዞር ስትል አቶ ለሬቦ በካምባትኛ አንድ ነገር አሏት፤ የቀረውን መንደሪን እጄ ላይ አስቀመጠች።

ከዱራሜ የመምህር መንደር ወደ ሀደሮ በሚወስደው መንገድ በእግር ሁለት ሰዓት ነው ተባልኩ። መንዝ ሁለት ሰዓት ብትሄድ ሁለት ቤት ታገኛለህ፤ እዚህ ግን ቤት ከቤት፣ እንሰት ከእንሰት ተያይዞ ነው፤ ሰው ሳያይህ አንድ እርምጃ አትሄድም። የሚያዩን ሁሉ ሥራቸውን አቁመው ይቆማሉ። ለእንግዳ ክብር መሰለኝና እጅ እየነሳሁ አለፍኩ።

ግማሽ መንገድ ስንደርስ አቶ ለሬቦ ወደ አንድ ግቢ አስገቡኝ። የመምህር የአጎት ልጅ ቤት ነው። እዚህ እናድራለን አሉ። ፀሐይ ገና አናት ላይ ናት።

"አንድ ሰዓት ብቻ ነው የቀረው። ምን አስቀመጠን?" አልኩ፤ ድምፄም ሳይቆጣ አልቀረም።

የአጎታቸው ልጅ በተሰባበረ አማርኛ "የኛ ልጅ፣ መንገድ ደክሞሃል። ነገ ጠዋት ጥሩ ነው" አሉኝ። ቡላ በወተት አቀረቡልኝ። በቤቱ ውስጥ ሰው እየበዛ ሄደ፤ ማንም ግን ከፍ አድርጎ አያወራም። ባናውን አቅፌ ተኛሁ። ነገ ስገባ የምለውን እያጠናሁ ነበር፦ "መምህር፣ ያን ወረቀት ያነበብኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ያውቃሉ። ይቅር ይበሉኝ።" አንዲትም ቃል እንዳትይዘኝ በጣቴ እየመታሁ ደጋገምኩት።

ዓርብ

ገና ጎህ ሲቀድ አቶ ለሬቦ ቀሰቀሱኝ። ስነሳ ቤቱ ሙሉ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ሁሉም ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ያን ጊዜ ገባኝ።

በአገሬ ሁለት ጊዜ መርዶ ነጋሪ ሆኜ ሄጃለሁ። ለሟች ልጅ በመንገድ አይነገርም፤ ማታም አይነገርም። ዘመድ ቤት ታሳድረዋለህ፣ ታበላዋለህ፣ ሲነጋ በሽማግሌ ታረዳዋለህ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የታጠበው እግር፣ የቀረው መኪና፣ የመንደሪኗ ሴት፣ በየደጁ የቆሙት ሰዎች ሁሉ እኔን ሲያስታምሙ ነበር። ያልገባኝ በይለፉ ላይ ልጃቸው መሆኔን ስለረሳሁት ነው። ኬላው ላይ ሚሊሻው ወረቀቱን ሲያነብ የሟቹ ልጅ ሆኜ መርዶውን ሳልሰማ እየሄድኩ መሆኔን አይቶ ለአቶ ለሬቦ አደራ ሰጠኝ፤ አቶ ለሬቦ ደግሞ ቤተሰቡ እንዲዘጋጅ በሾፌሩ ላኩ።

"አባትህ አርፈዋል፤ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀናቸው ነው" አሉኝ አቶ ለሬቦ፣ እጄን ይዘው። አለቀስኩ። ስለሞቱት አለቀስኩ፤ ያጠናሁትን የምነግረው ሰው ስለሌለም አለቀስኩ። እነዚያ ሽማግሌዎች ደግፈው ሲያነሱኝ አባቱን እንዳጣ ልጅ ነበር፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ወደ ቤታቸው የሄድነው ብዙ ሆነን ነው። ደጃፉ ላይ ስደርስ ለቅሶው እንደ መጀመሪያው ቀን ተነሳ። ሰዎቹ ወደ አማርኛ እየቀየሩ "ልጃቸው መጣ፣ ልጅ አለቀሰላቸው" ይላሉ። ልጅ ሳይኖረው የሞተ ሰው ለቅሶ ጎደሎ ሆኖባቸው ከርመዋል። በዚያ መሃል ወይዘሮ ማርታ ብቅ አሉ። ጠቁረዋል፣ ከስተዋል። አዩኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳ ያበሉኝ ሴት ናቸው፤ የማን ልጅ እንደሆንኩና ምን እንዳደረግኩ ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። እንደ ቆምኩ ቀረሁ።

"ንጉሤ" አሉኝ። "ና ግባ።"

ለቅሶው ሲበርድ ባናውን ልሰጣቸው ጓዳ ተከተልኳቸው። "እሜቴ ማርታ፣ ያን ቀን ..." ብዬ ጀመርኩና ያዘኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሴ ታሰረ።

እስክጨርስ አልጠበቁኝም። "ያነበብከውን አውቃለሁ። ከእስር ቤት ሲወጡ መጀመሪያ የነገሩኝ እሱን ነው። 'ልጁ አንድ ቃል ላይ ብቻ ነው የተያዘው' አሉኝ። እኔ ተናደድኩባቸው፤ እስከ ዛሬም ተናድጃለሁ። ይቅርታ ካልክ የእሳቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ የሉም። እኔ የሌለኝን አልሰጥህም።"

"ለሰዎቹ ልንገራቸው። ልጃቸው አይደለሁም ልበል።"

"እንዳትል። ይህ ሕዝብ ልጅ ፈልጎላቸው ነበር፤ አገኘ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ዝም በል።" ባናውን ተቀብለው ሳያዩት አልጋው ላይ አኖሩት።

ከቀትር በኋላ አንድ ሽማግሌ ቆመው "ልጁ የአባቱን የሕይወት ታሪክ አልሰማም። ራሱ ያንብብልን" አሉ። በቀብሩ ዕለት የተነበበውን ወረቀት ሰጡኝ። ቤቱ ሞልቶ ደጅም ሰው ቆሟል። የት እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ አነበብኩ። ከተባረሩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የዚህን መንደር ሽማግሌዎች በገዛ ፈቃዳቸው ማታ ማታ ፊደል እንዳስቆጠሩ አነበብኩ። ከዚያ "በሰሜን ሸዋ በማስተማር ላይ ሳሉ" ብዬ "ታሰሩ" የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። አልወጣልህ አለኝ። ገፋሁት፤ ባሰ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል።

መጀመሪያ የሰማሁት ከቀኝ በኩል ነው። አንድ ዓይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌ በአመልካች ጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ ያደርጋሉ። ከአጠገባቸው ያሉትም ጀመሩ። ቀጥሎ ሴቶቹ፣ ቀጥሎ በሩ ላይ የቆሙት። እነዚያ ሁሉ በእርጅናቸው ንባብ የተማሩት በዚያች ጣት ነው፤ የሚያነብ ሰው ሲያዝ የሚያደርጉት ሌላ ነገር አያውቁም። ወደ ወይዘሮ ማርታ አየሁ። የእሳቸው እጅ ከነጠላቸው ሥር አልወጣም። ቃሉ ግን መጣ፤ እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

ወይዘሮ ማርታ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው በአራት አጠፉት። እንድሄድ ሊነግሩኝ ነው ብዬ ተነሳሁ።

"ነገ ከሀደሮ የሚመጡ ለቀስተኞች አሉ" አሉኝ። ዓይኔን አላዩም። "ነገ ትደግመዋለህ።"

ቅዳሜ

ደገምኩት። እሑድ በተዋስኩት ቦት ጫማ ወደ ሆሳዕና፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ኬላው ላይ ያው ሚሊሻ ነበር፤ ይለፉን ሳያይ ጠብመንጃውን ዝቅ አድርጎ ነፍስ ይማር አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሄጃለሁ፤ ወይዘሮ ማርታም በየዓመቱ አብልተውኛል። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ባለፈው ክረምት አረፉ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ዝም በል ብለውኝ ነበር፤ ዝም ብዬ ኖርኩ። አሁን ያቺን ማስታወሻ ደብተር አውጥቼ፣ በዚያ ቤት ለተቀመጡት ሰዎች ያላነበብኩላቸውን ነገር እየገለበጥኩ ነው። መምህር ኤርጫፎን ያሳሰርኳቸው እኔ ነኝ። ስጽፈው ሦስት ቦታ ላይ ያዘኝ፤ በጣቴ ጉልበቴን እየመታሁ ጠበቅኩ።